የክበባት ዝርዝር ብቻውን ምንም አይነግርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የኮሌጅ ምርጫ ወቅት ሲቃረብ በየጋዜጣው የሚወጡ ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ክፍሉ፣ በተቋሙ ደረጃና በክፍያው ላይ ያተኩራሉ። ተገቢ ነው። ተማሪው ከክፍል ከወጣ በኋላ የሚኖረው ሕይወት ግን ወይ ሳይነሳ ይቀራል፣ ወይ ደግሞ «ከ300 በላይ ክበባት አሉት» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ ቁጥር ለመራጩ የሚነግረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከቁጥሩ ይልቅ ምን መመርመር እንደሚገባና ሰው የት ላይ እንደሚሳሳት ለአንባቢዎቻችሁ በዝርዝር ለማቅረብ ነው።

ጉዳዩ ቅንጦት እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል። አሜሪካዊው የከፍተኛ ትምህርት ተመራማሪ ቪንሰንት ቲንቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረበው ትንታኔ፣ ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው በውጤት ማነስ ብቻ ሳይሆን ከተቋሙ ማኅበራዊ ሕይወት ጋር መተሳሰር ሲያቅተውም እንደሆነ አስረድቷል። ሌላው አሜሪካዊ ተመራማሪ አሌክሳንደር አስቲን እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው የተሳትፎ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ፣ ተማሪ ከኮሌጅ ቆይታው የሚያተርፈው በቆይታው ካፈሰሰው ጊዜና ጉልበት ጋር የሚመጣጠን ነው ብሏል። ግቢ ውስጥ የሚኖሩና እዚያው የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚሠሩ ተማሪዎች እስከ መጨረሻው የመዝለቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ ከግቢ ውጭ ሙሉ ቀን መሥራት ግን ተቃራኒ ውጤት አለው። የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅቱ ጋለፕ ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው፣ ከ30,000 በላይ ተመራቂዎችን የጠየቀ ጥናትም በኋላኛው የሥራ ሕይወት ውስጥ ከመነቃቃት ጋር የሚዛመዱ ስድስት የኮሌጅ ልምዶችን ለይቷል። ከስድስቱ አንዱ ከትምህርት ውጭ ባሉ እንቅስቃሴዎች «እጅግ ንቁ» ሆኖ መሳተፍ ነው፤ ስምን መዝገብ ላይ ማስፈር አይደለም። በእርግጥ እንዲህ ያለው ጥናት ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ቀድሞውኑ ብርቱ የሆነ ተማሪ ክበብም ውስጥ ብርቱ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመልሰዋል፤ ይህ ተማሪ፣ በዚህ ግቢ፣ በአንድ ወይም በሁለት ነገር ውስጥ በእውነት ሊገባ ይችላል ወይ?

መልሱን የሚወስኑት የተማሪው ሰዓት፣ የክበቡ በር ለአዲስ ገቢ ያለው ክፍትነት፣ ከዚያም ከገባ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ናቸው። ከሰዓት እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነውና።

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በአሜሪካ አሠራር ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ ይጠበቃል፤ 15 ክሬዲት የወሰደ ተማሪ እንግዲህ 45 ሰዓት ለትምህርት ይመድባል ማለት ነው። የአውሮፓው የክሬዲት ሥርዓትም ብዙ አይርቅም፤ ለዓመት 60 ክሬዲት፣ ለእያንዳንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ። ለእንቅልፍ በቀን 8 ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት 56 ሰዓት ያዙ። ለመብል፣ ለገላ፣ ለልብስና ለመሳሰለው በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 21 ሰዓት። የሚተርፈው 46 ነው። ከዚህ ላይ ለቤተሰብ፣ ለእምነት፣ ለግብይትና ለዕረፍት 10 ሰዓት ሲነሳ 36 ይቀራል። ዶርም የሚኖርና የማይሠራ ተማሪ ሙሉው 36 ሰዓት በእጁ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት በመንገድ ላይ የሚያጠፋና በሳምንት 12 ሰዓት የሚሠራ ተማሪ ግን የቀረው 14 ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት የኮሌጅ መጽሔት አንብበው፣ አንድ ዓይነት ፎቶ አይተው ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ የሚኖሩት ግን ሁለት የተለያየ ኮሌጅ ነው።

አሁን የክበባቱን ፍላጎት ከዚህ ጋር አስተያዩ። የሚከተሉት ግምቶች ከተቋም ተቋም ይለያያሉ። ተራ የውይይት ወይም የቋንቋ ክበብ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ክርክር በሳምንት ሁለት ምሽት ልምምድ አለው፤ ውድድር ሲኖር ደግሞ ቅዳሜና እሑድን ጠቅልሎ ይወስዳል። ቴአትር ለወራት ቀለል ብሎ ይቆይና ከመድረኩ በፊት ባለው ሳምንት በየምሽቱ አራትና አምስት ሰዓት ይጠይቃል። የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ የዓምድ አዘጋጅ የሆነ ሰው በሳምንት ከ15 ሰዓት በታች አይወጣውም፤ ኅትመት የሚገባበት ዋዜማም ሌሊቱን ይጨምራል። የእሽቅድምድም መኪና ነድፈው የሚሠሩ የምህንድስና ቡድኖች ወርክሾፕ ውስጥ በሳምንት ከ10 እስከ 20 ሰዓት ያሳልፋሉ፤ ውድድር ሲቃረብ ይህ ይብሳል። 14 ሰዓት ያለው ተማሪ ከእነዚህ አንዱን ከያዘ ሁለተኛ ከባድ ነገር አይችልም። ይህን ከመግባቱ በፊት ማወቁ፣ ገብቶ ኅዳር ላይ ከመተው ይሻለዋል።

ሰዓት ሲባል ግን ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ሰዓት የሚለውም አለ። የሳይንስና የምህንድስና የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይውላል፤ የብዙ ስፖርት ልምምድም ያኔ ነው። የነርሲንግ ተማሪ ወደ ሆስፒታል ልምምድ ሲወጣ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ 12 ሰዓት የሚፈጅ ፈረቃም ያጋጥመዋል። የአርክቴክቸር ስቱዲዮ ምሽትን ይበላል። አንድ መንፈቅ ትምህርት፣ አንድ መንፈቅ ሥራ በሚያፈራርቅ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ተማሪ በክበብ ውስጥ ኃላፊነት ለመያዝ ይቸገራል፤ የሚመረጠው ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ ሰው ነውና። በብሪታኒያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ረቡዕ ከሰዓት በኋላን ለስፖርት ክፍት ያደርጋሉ፤ የዩኒቨርሲቲዎች ግጥሚያም በብዛት የሚካሄደው በዚሁ ቀን ነው። እዚያም ቢሆን አንዳንድ የትምህርት ክፍል ረቡዕ ላይ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ያስገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የፍሬሽማን ሳይሆን የሦስተኛ ዓመት የትምህርት መርሐ ግብር ይጠየቅ፤ ከሚፈለገው ክበብ የልምምድ ሰዓት ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ግጭት ካለ እዚያው ይታያል።

ቀጥሎ የበሩ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጁ ከተቀበለኝ ክበቡም ይቀበለኛል የሚለው ግምት በተለይ ፉክክር በሚበዛባቸው ተቋማት አይሠራም። የቢዝነስ አማካሪነት ክበባት፣ የኢንቨስትመንት ክበባት፣ ያለ መሣሪያ የሚዘምሩ ቡድኖች፣ የኮሜዲ ቡድኖች በማመልከቻ፣ በቃለ መጠይቅና በድምፅ ፈተና ነው የሚቀበሉት። ፈታኞቹ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ክበቡ መኖሩን ብቻ ሰምቶ መርካት አይገባም። ባለፈው ዓመት ስንት አመለከቱ፣ ስንት ገቡ? ከገቡት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስንቱ ናቸው? ያልተመረጠ ሰው የሚሄድበት ሁለተኛ ቡድን ወይም የጀማሪዎች ልምምድ አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለተኛ ቡድን ያለው ክበብ ሰው ያሠለጥናል፤ የሌለው የሠለጠነ ሰው ይለቅማል።

አንዳንዴ የውድድሩ ሕግ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በብሪቲሽ ፓርላመንታሪ የክርክር ስልት በአንድ ክፍል ሁለት ሁለት አባላት ያሏቸው አራት ቡድኖች ይገጥማሉ፤ ርዕሱ ከተነገረ በኋላ 15 ደቂቃ ይዘጋጃሉ፣ እያንዳንዱ ተናጋሪ 7 ደቂቃ አለው። አንድ ሙሉ ልምምድ ለማካሄድ እንግዲህ ስምንት ተናጋሪና ቢያንስ አንድ ዳኛ ያስፈልጋል። ዘወትር የሚመጡ አባላቱ ስድስት ብቻ የሆኑ ክበብ በወረቀት ላይ ቢኖርም ስልቱን እንደሚገባ መለማመድ አይችልም። በዓለም አቀፉ የተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር፣ አይሲፒሲ፣ ሦስት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር ለአምስት ሰዓት ይሠራሉ። ተቋሙ ዋንጫ ቢደረድርም ዋንጫውን ያመጡት ጥቂት ልጆች ናቸው። መጠየቅ ያለበት የቀሩት በየሳምንቱ የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም መኖሩ ነው።

በሙዚቃና በቴአትር ደግሞ ወጥመዱ ሌላ ነው። ስመ ጥር የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ ለሙዚቃ አፍቃሪ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ገነት ይመስላል። በዋናው ኦርኬስትራ ውስጥ ወንበሩን የሚይዙት ግን ሙዚቃን ዋና ትምህርታቸው ያደረጉት ናቸው፤ የልምምድ ክፍሉም ለእነሱ ቅድሚያ ይሰጣል። የሙዚቃ ትምህርት ክፍሉ አነስተኛ የሆነ ኮሌጅ በበኩሉ ከየትም ክፍል የመጣን ቫዮሊን ተጫዋች የፊት ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ነገር ግን ከበድ ላለ መሣሪያ በግል የሚያስተምር ሰው ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለ፤ ሌላ ትምህርት ለሚያጠኑ ክፍት የሆነ የሙዚቃ ቡድን አለ ወይ፣ የልምምድ ክፍሉ ቁልፍስ ለማን ይሰጣል? ቴአትር ላይም እንዲሁ ነው፤ ሚና ሲከፋፈል የቴአትር ተማሪዎች ይቀድማሉ፣ የመብራት፣ የድምፅና የመድረክ ግንባታ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ለሁሉም ክፍት ነው።

ስፖርት ሰፊ ስለሆነ ደረጃዎቹን መለየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ተቋሙን ወክሎ የሚጫወተው ቡድን፣ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የክለብ ስፖርትና በግቢው ውስጥ የሚደረገው የእርስ በርስ ውድድር ሦስት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ ተቋማቱን በሦስት ዲቪዥን ይከፍላል፤ በዲቪዥን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። በዲቪዥን አንድ በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ በሳምንት አንድ ቀንም ዕረፍት ነው። አቆጣጠሩ ግን ልብ ይባል፤ የግጥሚያ ቀን ምንም ያህል ቢረዝም እንደ 3 ሰዓት ብቻ ይያዛል፣ ጉዞም አይቆጠርም። 20 የተባለው በተግባር ከዚያ ያለፈ ነው። አሠልጣኙ በቃል የሰጠው ተስፋ ደግሞ አስገዳጅ አይደለም፤ አሠልጣኙ ራሱ ሥራ ሊቀይር ይችላል። ለስፖርት ብሎ ኮሌጅ የሚመርጥ ሁሉ ጉዳት ደርሶበት ከመጀመሪያው ወር በኋላ መጫወት ባይችል እዚያው ለመቆየት ይወድ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ «አልወድም» ከሆነ ኮሌጁ አልተመረጠም፤ የተመረጠው ቡድኑ ነው።

ለጀማሪ የሚመቸው አደረጃጀት የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዓይነት ነው። በሁለቱም ስፖርትና ሙዚቃ በሁለት እርከን ይካሄዳል፤ በየኮሌጁና በዩኒቨርሲቲ ደረጃ። ቀዘፋ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ በኮሌጁ ጀልባ ላይ ከዜሮ ጀምሮ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ይወዳደራል፤ ዩኒቨርሲቲውን የሚወክለው ሌላ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስትመረምሩ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ እርከን መኖር አለመኖሩን ፈልጉ።

ትልቅና ትንሽ ካልን ዘንድ አንድ ስሌት እንሥራ። 2,000 ተማሪና 60 ክበብ ያለው ኮሌጅ፣ 40,000 ተማሪና 900 ክበብ ያለው ዩኒቨርሲቲ እንበል። በመጀመሪያው ለአንድ ክበብ 33 ያህል፣ በሁለተኛው 44 ያህል ተማሪ ይደርሳል። 900 ከ60 አሥራ አምስት እጥፍ ቢሆንም ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ቦታ በትንሹ ኮሌጅ ይሰፋል። የጋዜጣ ዋና አዘጋጅ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ተፎካካሪው ግን አይመሳሰልም። በአንጻሩ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ፣ ሰፊ ወርክሾፕ፣ የመዋኛ ገንዳ የሚገኘው በብዛት በትልቁ ነው። ለዚህም ይመስለኛል የሚከተለው ልየታ የሚረዳው፤ ሩጫ፣ ቼዝ፣ የንባብ ክበብ በየትኛውም ግቢ ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው ሊያቋቁሙት ይችላሉ፤ ለእነሱ ሲባል ኮሌጅ አይመረጥም። ውኃ የሚፈልገው ቀዘፋ፣ አዳራሽና መሪ የሚፈልገው ኦርኬስትራ፣ የሥርጭት ፈቃድ የሚፈልገው ሬዲዮ ጣቢያ ግን ተማሪ ስለፈለገ አይፈጠሩም። ምርጫ ላይ ክብደት ሊሰጣቸው የሚገባው እነዚህ ናቸው።

አዲስ ክበብ ማቋቋም ይቻላል የሚለውንም ተስፋ መርምሩት። በተለምዶ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው አባላት ፊርማ፣ ከመምህራን አንድ አማካሪ፣ መተዳደሪያ ደንብና የተማሪዎች ኅብረት ይሁንታ ይጠየቃል። አብዛኛው ሰው የማይጠይቀው ከይሁንታው በኋላ ያለውን ነው፤ የመጀመሪያው በጀት ስንት ጊዜ ይፈጃል? በአንዳንድ ቦታ አዲስ ክበብ መንፈቅ ወይም ዓመት ያለ ገንዘብ ይቆያል። በዚያ መካከል መሥራቹ ይሰለቻል።

የሞቱ ክበባትም በዝርዝሩ ላይ ይኖራሉ። መሪው ሲመረቅ ተተኪ አላዘጋጀም፣ የቴሌግራም ቡድኑ ዝም አለ፣ ስሙ ግን ከተቋሙ ድረ ገጽ አልተነሣም። መፈተኛው ይህ ነው፤ ከዝርዝሩ የሚስቧችሁን አምስት ምረጡ። መጨረሻ የተሰበሰቡት መቼ ነው? ቀጣዩ ስብሰባ ቀን ተቆርጦለታል? የዘንድሮ ኃላፊዎች እነማን ናቸው? ከዚያ ለአምስቱም አጭር መልእክት ጻፉ። ትምህርት ክፍት በሆነበት ወቅት በሳምንት ውስጥ ሦስቱ ከመለሱ ግቢው ሕይወት አለው። በዕረፍት ወራት ወይም በፈተና ሳምንት ከላካችሁ ግን ዝምታው ምንም አያስረዳም።

ወደ መኖሪያው እንምጣ። ዶርም ለስንት ዓመት ዋስትና አለው? ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከሆነ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ጓደኞች ይበታተናሉ፣ የምሽት ልምምድም ለርቀት ይሸነፋል። ዓርብ ከሰዓት ሻንጣ ተይዞ ግቢው የሚራቆትባቸው ኮሌጆች አሉ፤ ቤተሰቡ ቅርብ ለሆነ ተማሪ ይህ ችግር አይደለም፣ ከሩቅ ለመጣ ግን ቅዳሜና እሑድ ይከብደዋል። ከቤት የሚመላለስ ተማሪ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው፣ ክበባቱስ የሚሰበሰቡት ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አንዳንድ ተቋማት በሳምንት ውስጥ ለማንም ክፍል የማይመደብበት የቀትር ሰዓት ከልለው ያስቀምጣሉ። ከውጭ ለሚመላለስ ሰው ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም። በጀርመን ደግሞ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በከተማው ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ፤ ዶርሙን የሚያስተዳድረው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት እንጂ ዩኒቨርሲቲው አይደለም፣ ስፖርቱም በየመንፈቁ ተመዝግቦ የሚገባበት ኮርስ ነው። የአሜሪካን ግቢ በአእምሮው ስሎ የሚሄድ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ይከፋዋል፤ ያወቀ ግን ርካሽና ብዙ አማራጭ ያገኛል።

ወጪ ላይ አጠር ላድርግ። ሁሉም የሚከፍለው የተማሪ እንቅስቃሴ ክፍያ አንድ ነገር ነው፤ የክበቡ መዋጮ፣ የመለያ ልብስ፣ የጉዞና የውድድር መመዝገቢያ ሌላ ነው። ለክበቡ ገንዘብ ያዥ «አንድ አባል ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ስንት አወጣ?» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ላልቻለ ሰው ድጋፍ መኖሩንም አብሮ መጠየቅ። በተማሪ ቪዛ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ግቢ ውስጥ መሥራት የሚችለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ ደመወዝ ያለው የክበብ ኃላፊነትም ሥራ እንደሆነ አይርሳ።

ማስረጃ የት ይገኛል? የአሜሪካ ኮሌጆች ብዙዎቹ «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል በአንድ ቅጽ የተዘጋጀ ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ፤ የኮሌጁን ስም ከዚህ ስም ጋር አድርጎ መፈለግ ይበቃል። ክፍል ኤፍ ስለ ተማሪ ሕይወት ነው። ከአዲስ ገቢዎችና ከሁሉም ተማሪዎች ስንት በመቶው በኮሌጁ መኖሪያ እንደሚኖር ለየብቻ ይሰጣል። የመጀመሪያው 95፣ ሁለተኛው 40 ከሆነ ዶርሙ በአብዛኛው ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች እንደሆነ ይገባችኋል። ፍራተርኒቲና ሶሮሪቲ የሚባሉት የወንድና የሴት ተማሪዎች ማኅበራት አባላት መቶኛም እዚያው አለ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የሳምንቱ መጨረሻ ሕይወት በእነሱ ዙሪያ እንደሚሽከረከር ገምቱ፤ አባል መሆን የማይፈልግ ሰው ምን እንደሚያደርግም ጠይቁ። ክፍል ቢ ላይ ከመጀመሪያው ዓመት ወደ ሁለተኛው የተመለሱት መቶኛ ይገኛል። ስለ ደኅንነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የክሌሪ ሕግ ተቋማቱ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 የወንጀል ሪፖርት እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ በ2024 መጨረሻ የጸደቀ ሌላ ሕግም አዲስ አባላትን በማዋረድና በማሰቃየት ጥፋተኛ የተባሉ ማኅበራት ይፋ እንዲደረጉ አዟል። ወደ ማኅበር ለመግባት የሚያስብ ሰው ይህን ሳያነብ እንዳይፈርም።

ግቢውን መጎብኘት ከተቻለ በተቋሙ አስጎብኚ ብቻ አትመለሱ፤ እሱ የሚያሳየው አዲሱን ጂምናዚየም ነው። በሥራ ቀን ማታና ቅዳሜ ከሰዓት ብቻችሁን ዙሩ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ቀን አንብቡ፤ ያለፈ ወር ነው ወይስ የሚመጣው ሳምንት? አንድ ስብሰባ ላይ አስፈቅዳችሁ ተቀመጡና ስንት ሰው እንደሚናገር፣ አዲስ ገቢዎች ሥራ ተሰጥቷቸው እንደሆነ ተመልከቱ። ተማሪ ስታገኙ «የግቢው ሕይወት ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። «ባለፈው ሐሙስ ከክፍል ከወጣህ በኋላ ምን አደረግህ?» በሉት። መሄድ ያልቻለ ደግሞ የተማሪዎቹን ጋዜጣ የሁለት ወር እትም ያንብብ፤ ስለ በጀት ጭቅጭቅ፣ ስለ ተዘጋ አዳራሽ፣ ስለ ዶርም እጥረት የሚጻፈው ከማንኛውም መጽሔት ይልቅ ያስረዳል።

ሚዛኑ ላይ ስትደርሱ ሁሉንም ነጥብ ሰጥቶ አማካይ ማውጣትን አልመክርም፤ አማካይ ትልቁን ጉድለት ይሸፍናል። የትምህርት ክፍሉና ክፍያው መጀመሪያ ያጣሩ። ያለፉት ኮሌጆች ላይ ተማሪው ያለእሱ የማይሆንለትን አንድ ነገር፣ ቢኖር ደስ የሚለውን ሁለት ነገር ይጻፍ። አንዱ በሰዓት፣ በመግቢያና በወጪ ካልተሟላ ኮሌጁ ይውጣ፤ ሁለቱ ለማመዛዘን ብቻ ያገልግሉ። የማይሆንልኝ የሚለው ነገር ለስድስት ዓመት ስለለመደው ብቻ የተጻፈ እንዳይሆን ወላጅ በእርጋታ ይጠይቀው፤ ብዙ ተማሪ ኮሌጅ ሲገባ የቆየውን ትቶ ያልሞከረውን ይጀምራልና። ክበብ ውጤት ያበላሻል ብለው የሚሰጉ ወላጆችም ስጋታቸው መሠረት የለውም አይባልም። በመጀመሪያው መንፈቅ አንድ ከባድና አንድ ቀላል ነገር ይበቃል፤ የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና ውጤት ከታየ በኋላ መጨመር ወይም መቀነስ ይቻላል።

ምርጫው ካለቀ በኋላም ጊዜ አይሰጥም። የዶርም ቅጽና ተመሳሳይ ዝንባሌ ያላቸው ተማሪዎች አብረው የሚመደቡባቸው ቤቶች ማመልከቻ ትምህርት ከመጀመሩ ወራት ቀድሞ ይዘጋል። የማርሽ ባንድና አንዳንድ የስፖርት ቡድኖች ተማሪዎቻቸውን ከሌላው ቀድመው ይጠራሉ። የድምፅና የትወና ፈተና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያልቃል፤ ክበባት አዲስ አባላት የሚመዘግቡበት ትርዒትም በዚያው ሰሞን ነው። እዚያ ላይ ብዙ መዝገብ ላይ መፈረም ችግር የለውም፣ በአካል መገኘት ያለበት ግን ሦስቱ ላይ ነው። ቀኖቹን ተቋሙ ከሚልከው የትምህርት ካላንደር ላይ አያገኟቸውም፤ ከየክበቡ ገጽ አንድ በአንድ መልቀም ግድ ይላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተማሪዎች አማካሪ